ቺንቺላዬ ድርቆሹን እያነሳ ይወረውራል፤ የፊት ጥርሱ ግን ደህና ነው። ያሳስባል?

የቡሌ እናት፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ቡሌ የሚባል ወንድ ቺንቺላ (ጸጉራም ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳ) አለኝ፤ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ጸባዩ ግሩም ነው፤ የማንግባባው በድርቆሽ ብቻ ነው።

ማታ ሲነቃ አዲስ የቲሞቲ (የሳር ዓይነት ነው) ድርቆሽ በጭብጥ እጨምርለታለሁ። ይመጣል፤ ያሸታል፤ አንዷን ዘንግ መዝዞ በሁለት እጁ ይይዝና ጫፏን ቀንጠብ ያደርጋታል። ከዚያ ወርውሯት ሌላ ይመዛል። እሷንም ይወረውራታል። ጠዋት ስነሳ የኬጁ ወለል ድርቆሽ በድርቆሽ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ተበላ የሚባል ግን የለም። የፔሌቱ (ተጨምቆ በፍሬ መልክ የሚሸጠው ደረቅ መኖ) ሳህን ደግሞ ጥርግ ብሎ ያድራል። ልጅ እያለ እንዲህ አልነበረም። ድርቆሽ ሲቆረጥም ድምፁ ሌላ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ቀበጠብኝ መሰለኝ።

ሰው ሁሉ «ድርቆሽ ካልበላ ጥርሱ ያድግበታል» ይላል። እኔ ግን የፊት ጥርሶቹን አይቻለሁ። እኩል ናቸው፤ ቢጫ ናቸው፤ አልተጣመሙም። የፖም እንጨትም ሲገዘግዝ ነው የሚያድረው። ታዲያ ጥርሱ በእንጨቱ እየተሞረደ አይደለም? ድርቆሹ የግድ ነው? አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ድርቆሽ ስሰጠው ቅጠል ቅጠሉን ለቅሞ ይበላል፤ በእሱ ብተካለትስ?

ሌላ የተለየ ነገር የለውም። ይዘላል፤ ይጫወታል። አልፎ አልፎ አገጩ ሥር ያለው ጸጉር ተጣብቆ አየዋለሁ፤ ውሃ ሲጠጣ ይመስለኛል።

ሜዳ ሳር፦

እህቴ አትጨነቂ፤ ቅብጠት ነው። የኔዋም እንዲሁ አድርጋኛለች። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፔሌቱን አንሺበት። ሁለት ሦስት ቀን ድርቆሽና ውሃ ብቻ። ሲርበው ምን አባቱ ያደርጋል፤ ይበላል። አልፋልፋውንም ደብቂው። እንጨቱ ይቀጥል፤ አሪፍ ነው።

ዐይነ ሌሊት፦

ሜዳ ሳር፣ ቀስ በል ወንድሜ። ያልከው ለጤነኛ እንስሳ እንኳን በጥንቃቄ የሚደረግ ነገር ነው። ይሄኛው ጤነኛ መሆኑን ገና አላወቅንም።

የቡሌ እናት፣ ይሄን ሁሉ ጽፈሽ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አደረግሽው። አገጩ ሥር ያለውን ጸጉር ማለቴ ነው። ውሃ የሚጠጣው ከጠርሙስ ነው ከሳህን? ከጠርሙስ ከሆነ አገጩን የሚያረጥበው ነገር ብዙም የለም። እስቲ የፊት እጆቹን ውስጥ ውስጡን እይልኝ። አፉን ሲጠራርግ ለሃጩ የሚቀረው እዚያ ነው። እዚያም ጸጉሩ ተጣብቆ ወይም ሳስቶ ካገኘሽው ውሃ አይደለም፤ ለሃጭ ነው። ለሃጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ጉዳይ ነው።

ወደ ጥርሱ ልምጣ። ቺንቺላ 20 ጥርስ አለው። አንቺ ያየሻቸው አራቱን ብቻ ነው። የቀሩት 16ቱ ከጉንጩ በስተጀርባ ተሰልፈዋል፤ አፉ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ቤት ውስጥ ሆነሽ አታያቸውም። ሁሉም፣ የፊቶቹም የኋላዎቹም፣ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ። የፊቶቹ ብቻ ካልተሞረዱ በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሄዳሉ። የፊት ጥርስ ቢጫ ወይም ወደ ብርቱካን የሚጠጋ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ እሱ ላይ እንስማማለን። ስለ ኋላዎቹ ግን ምንም አይነግርሽም። ቢያንስ ገና መጀመሪያ ላይ አይነግርሽም። የኋላዎቹ እየባሱ ሲሄዱ ነው የፊቶቹም መግጠም የሚያቆሙት።

እንጨቱ የሚሞርደው የፊቶቹን ነው። ሲገዘግዝ ቀረብ ብለሽ እይው፤ ሥራው ሁሉ ከከንፈሩ ጋ ያልቃል። ፍቅፋቂውንም አብዛኛውን መሬት ላይ ነው የሚጥለው። መንጋጋዎቹ ድረስ የሚሄድ ነገር የለም። እንጨት ይኑረው፤ እወደዋለሁ፤ ግን የመዝናኛ ያህል ቁጠሪው። (የኮክ፣ የቼሪና የፕሪም እንጨት ግን አይሁን። ቀለም ወይም ኬሚካል የነካውም እንዲሁ።)

የኋላ ጥርሶችን የሚሞርዳቸው እርስ በርስ መፋጨታቸው ነው። ድርቆሽ ረጅም ነው፤ ሻካራ ነው። ሳር በተፈጥሮው ሲሊካ አለው፤ አሸዋ ውስጥ ያለው ያው ማዕድን። ያን ለማድቀቅ የታችኛው መንጋጋ ወደ ጎን እየሄደ እየተመለሰ እንደ ወፍጮ መፍጨት አለበት። አንዲት ዘንግ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚያኝክ አንድ ቀን ተቀምጠሽ ተመልከቺ። ፔሌት ሲሆን ግን ከላይ ወደ ታች ጫን ጫን ያደርገዋል፤ ፍርክስክስ ይላል፤ ይዋጣል። ሆድ ይሞላል፤ መንጋጋው ግን አልሠራም። ቺንቺላ የአንዲስ ተራሮች እንስሳ ነው። እዚያ ያለው ደረቅና ሻካራ ሳር ነው፤ ንጥረ ነገሩም ስስ ነው። ለመጥገብ ለረጅም ሰዓት ማኘክ አለበት። ጥርሱ የሚያድግበት ፍጥነት የተለካው ለዚያ ኑሮ ነው። እኛ ቤት ስናስገባው እድገቱ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ማኘኩ ነው።

መፍጨቱ ሲቀንስ የጥርሱ ጠርዝ ሹል ያወጣል። የላይኛው ጉንጩን ይወጋል፤ የታችኛው ምላሱን። ይሄ እንኳን ይሞረዳል። የሚከፋው ሌላው ነው። ጥርሱ ወደ አፍ መውጫ ሲያጣ ሥሩ ወደ ኋላ፣ ወደ አጥንቱ ይገፋል። የታችኞቹ ሥሮች የመንጋጋውን ጠርዝ ያሳብጡታል። የላይኞቹ ወደ ዓይን ይጠጉና እንባ ማፍሰስ ይጀምራል። ቡሌ ዘና ባለበት ሰዓት የታችኛውን መንጋጋ ጠርዝ በጣትሽ ዳብሺው፤ ከግራም ከቀኝም። ለስላሳ መስመር መሆን አለበት። ጉብ ጉብ ያለ ነገር ከነካሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ምንም ባትነኪም ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ቅብጠት የተባለው ጉዳይ። «ድርቆሽ ስላልበላ ጥርሱ ታመመ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። የተገላቢጦሹ ግን ይረሳል፤ ጥርሱን ስላመመው ድርቆሽ የተወም አለ። አንቺ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። ይመጣል፣ ያሸታል፣ ያነሳል፣ ይነክሳል፣ ይጥላል። ሌላ ያነሳል። ይሄ መብላት የማይፈልግ እንስሳ አይደለም። መብላት ፈልጎ ያቃተው ነው የሚመስለኝ። ቀበጥ ቺንቺላ ድርቆሹን ገና ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ሌሊቱን ሙሉ አንድ በአንድ እያነሳ አይሞክርም። አልፋልፋውንም ቅጠል ቅጠሉን መልቀሙ፣ ግንዱን መተዉ ያው ታሪክ ነው። ለስላሳውን እየመረጠ ነው።

ስለዚህ ፔሌቱን አታንሺበት። አፉን ከሚያመው እንስሳ ላይ የቀረችውን ምግብ ብትወስጂ ድርቆሽ ወደ መብላት አይሄድም፤ ዝም ብሎ ይራባል። ቺንቺላ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ አንጀቱ ሥራ ሊያቆም፣ ሆዱም በጋዝ ሊነፋ ይችላል። ማስታወክ ደግሞ አይችልም። መጀመሪያ አፉ ይታይ። የድርቆሹ ጦርነት ከዚያ በኋላ ነው።

አልፋልፋን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይተካም። ካልሲየሙም ፕሮቲኑም ለአዋቂ ይበዛል። ለሚያድግ ግልገል፣ ለእርጉዝ፣ ለምታጠባ እናት ይሆናል። ለቡሌ አሁን የሚበላው ነገር ካነሰ ትንሽ ስጪው፤ ክብደቱን ይያዝለት። የዘወትር ቀለቡ ግን አይደለም።

ሜዳ ሳር፦

እሺ፣ የአገጩን ነገር ሳላነብ አለፍኩት፤ ልክ ነህ። የኔዋ ግን ምንም የጥርስ ችግር ሳይኖርባት በዚሁ ዘዴ ተስተካክላለች። ሁሉን ነገር በሽታ ማድረግም ልክ አይደለም። ሐኪም ቤት መመላለሱ ራሱ ለእንስሳው ጭንቀት ነው።

ራጅ ክፍል፦

እኔ የምሠራው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም፤ ራጅ አነሳለሁ። ጥንቸልም ጊኒ ፒግም ቺንቺላም ይመጣል። ከሦስቱ ዘግይቶ የሚመጣው ቺንቺላ ነው። ምክንያቱ ጸጉሩ ነው። ከአንድ ቀዳዳ ከ50 በላይ ጸጉር ነው የሚበቅለው። ክሳቱ አይታይም። ሰውየው «ደህና ነበር እኮ» ይላል፤ ጸጉሩን ገለጥ አድርገን ስንነካው አጥንት ነው።

ሜዳ ሳር፣ የጭንቀቱን ነገር አልክድህም። ለዚህም ነው ሰው ቤቱ ውስጥ ሚዛን ይኑረው የምለው። የኩሽና ሚዛን ይበቃል፤ ግራም የሚያነብ ይሁን። አብዛኛው አዋቂ ቺንቺላ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። ከመካከሉ የትም ቢሆን ግድ የለም፤ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። ከራሱ ክብደት 10 በመቶ ያህል ከወረደ ቀጠሮ አይጠበቅም። የያንተዋ ድርቆሽ በጀመረችበት ሰሞን ክብደቷ አልወረደም ነበር? ካልወረደ እውነትም ቅብጠት ሊሆን ይችላል። ቅብጠትን ከሕመም ለመለየት የሚረዳው አንዱ እሱ ነው።

ለቡሌ እናት፦ በጠጡንም ተመልከቺ። ትልልቅና እኩል ከነበረው ወደ ትንንሽ፣ ደረቅ፣ የተቆራረጠ ነገር ከተለወጠ የሚገባው ምግብ አንሷል ማለት ነው። ፔሌት ሲያኝክም እይው። ከአፉ ፍርፋሪ ይወድቃል? በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል? አፉን በእጁ ይነካካል? ስልክሽ ላይ ቅረጪው። ቺንቺላ ክሊኒክ ሲገባ ደርቆ ነው የሚቀመጠው፤ ሐኪሙ ፊት ምንም አይበላም። ቪዲዮው ብዙ ይጠቅመናል።

ስትሄዱ እነዚህን አስቢ። ቺንቺላና ጥንቸል የሚያይ ሐኪም ይሁን፤ ውሻና ድመት ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው የፊቶቹን አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ሊመልስሽ ይችላል። ነቅቶ እያለ በትንሽ መብራት አፉን ማየት ጅምር ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ኋላ ያሉትን በደንብ ለማየት ማደንዘዣ ያስፈልጋል፤ ሥሩን ለማየት ደግሞ የራስ ቅሉ ራጅ። አፍ ውስጥ ምንም ሳይታይ ራጁ ላይ ሥሩ ረዝሞ ያገኘንበት ጊዜ ብዙ ነው። ማደንዘዣ አለው ብለሽም ከዋዜማው አታስርቢው፤ እንደ ውሻ አይጾምም፤ ሐኪሙ የሚልሽን ስሚ። መንገድ ላይ ሙቀት እንዳያገኘው። ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ለቺንቺላ አደጋ ይጀምራል።

አንድ ልመና። ቤት ውስጥ ያለ አሞክሲሲሊን «ለጥርሱ» ብለሽ እንዳትሰጪው። በአፍ የሚሰጥ የፔኒሲሊን ዘር የቺንቺላን አንጀት ያበላሻል፤ ይገድላልም። ይሄን የምጽፈው ሰው ስለሚያደርገው ነው።

የቡሌ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እጆቹን ገልጬ አየሁ፤ ውስጡ ተጣብቋል። ውሃ የሚጠጣው ከጠርሙስ ነው። ፔሌት ሲያኝክም ቀረጽኩት፤ ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረገ ነው የሚያኝከው። በየቀኑ እያየሁት ልብ አላልኩትም።

ሄድን። ማደንዘዣ ተሰጥቶት ታየ። በግራ በኩል ላይኛው መንጋጋ ላይ ሹል ወጥቶ ጉንጩን አቁስሎታል። ተሞረደለት። ራጁ ላይ የታችኞቹ ሥሮች ትንሽ ረዝመዋል ተባልኩ፤ ገና ጅምር ነው ብለውኛል። የህመም ማስታገሻና በሲሪንጅ የሚሰጥ የዱቄት ምግብ ይዤ ተመልሻለሁ። አሁን ፔሌቱን ቀስ እያለ ይበላል። ድርቆሹን ግን አሁንም ይፈራዋል። ያሸታል፤ ይተወዋል። የተሞረደው ጥርስ እያለ ለምን? አሁንስ ምን ዓይነት ድርቆሽ ላምጣለት?

ራጅ ክፍል፦

እንኳን ሄድሽ። ጉንጩ ቁስል ነው እኮ፤ ጥርሱ ቢሞረድም ቁስሉ ገና አልዳነም። ማስታገሻውን ሰዓቱን ጠብቀሽ ስጪው። «ደህና መሰለኝ» ብለሽ አታቋርጪ፤ ሲያመው ማኘክ ይተዋል፤ ማኘክ ሲተው ጥርሱ መልሶ ያድጋል። ሲሪንጁን ከጎን፣ ከፊት ጥርሱ ኋላ ባለው ክፍት ቦታ አስገቢና በጥቂት በጥቂቱ ግፊ። እስኪውጥ ጠብቂ። ቀጥታ ወደ ጉሮሮ ከሆነ ወደ ሳንባው ይገባል።

ሥሩን በተመለከተ ሐቁን ልንገርሽ። የረዘመ ሥር ወደ ነበረበት አይመለስም። ሥራችን ባለበት እንዲቆይ ማድረግ ነው። የክትትል ቀጠሮ ከሰጡሽ ደህና ቢመስልሽም ሂጂ። ዘር ውስጥ የሚሄድ ጣጣም ሊኖረው ስለሚችል ለማራባት አስበሽ ከነበረ ተይው።

ዐይነ ሌሊት፦

ዘንበል ብሎ ማኘኩን መያዝሽ ትልቅ ነገር ነው።

ድርቆሹን በአጨዳ ምረጪ። የመጀመሪያ አጨዳ ግንዱ ይበዛል፤ ጠንካራ ነው። ሦስተኛው ለስላሳና ቅጠላም ነው። ቡሌን አሁን በሦስተኛው ጀምሪው። እሱን ሲለምድ ሁለተኛውን እየቀላቀልሽ ሂጂ። መድረሻሽ ሁለተኛው ነው፤ ግንድም ቅጠልም አለው። ቲሞቲ ብቻ ካልሆነ ብለሽም አትጨነቂ። ኦርቻርድ ሳርም የሜዳ ሳርም ይሆናል። እንዲያውም ሁለት ሦስት ዓይነት ደባልቂለት፤ አንዱን ሲሰለች ሌላውን ይቆረጥማል። ገለባ ግን ድርቆሽ አይደለም። ቢጫና ባዶ ዘንግ ነው፤ ለመኝታ ይሁን።

ረጅሙን አታሳጥሪ። ለሕመሙ ሰሞን ቆረጥ ቆረጥ አድርገሽ ብትሰጪው እሺ። በኋላ ግን ረጅሙ ይመለስ፤ መንጋጋውን ወደ ጎን የሚያስኬደው እሱ ነው። በዱቄትና በተጨመቀ ድርቆሽ ብቻ የቀረ እንስሳ ያው ፔሌት እንደሚበላ ነው።

አቀራረቡም ለውጥ አለው። አንድ ቦታ አትከምሪ። የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ጥቂት፣ መደበቂያው በር ላይ ጥቂት፣ ካርቶን ቱቦ ውስጥ ጥቂት። ሲመሽ፣ ሊነቃ ሲል፣ አዲስ ጨምሪ። ትናንት የተንጠባጠበውን አንሺው፤ ሽንት የነካውን አይበላም፤ ልክም ነው። ስትሰጪው አራግፊው፤ አቧራው አፍንጫውን ይኮረኩረዋል። ድርቆሹ አረንጓዴነት ያለው፣ ሽታው ደስ የሚል ይሁን። ነጭ ወይም ጥቁር ነጥብ ካየሽ፣ ወይም የምድር ቤት ዓይነት ሽታ ካለው ጣይው። ለማዳን አትሞክሪ። ከላስቲክ አውጥተሽ በካርቶን ወይም በጨርቅ ከረጢት፣ ከወለል ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ። የታሸገ ላስቲክ ውስጥ ላብ ይዞ ይሻግታል።

ፔሌቱን አሁን አትንኪ አልኩሽ። ቁስሉ ሲድን፣ ድርቆሽ በደንብ መቆርጠም ሲጀምር፣ ሐኪሙም እሺ ሲል ግን ቀስ በቀስ ታወርጂዋለሽ። ለአዋቂ በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሳህኑን ሞልቶ መተው ድርቆሽን የሚያስንቅ ነገር ነው። ዘቢብ፣ ሱፍ፣ ለውዝ የምትሰጪው ካለም አቁሚ፤ ስኳርና ቅባት ናቸው።

ሜዳ ሳር፦

ይሄን ሳነብ ማታ የኔዋን መንጋጋ ዳበስኳት። ለስላሳ ነው፤ ግን በንዴት ሽንቷን ረጨችብኝ። ራጅ ክፍል፣ ክብደቷን መዝግቤ አላውቅም፤ ድርቆሽ ስትጀምር ወርዳ ይሁን አይሁን አላውቅም። በየስንት ጊዜ ነው የምመዝናት? በየቀኑ ከሆነ ከዚህም በላይ ልትረጨኝ ነው።

ራጅ ክፍል፦

ሃሃ፣ ሴቶቹ ኢላማቸው አይስትም። ጤነኛ ከሆነች በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሁሌ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ከመብላቷ በፊትና ከበላች በኋላ ቁጥሩ ይለያያል። አትያዛት። ሚዛኑ ላይ ሳጥን አድርግ፣ ባዶውን ዜሮ አድርገው፣ ድርቆሽ ጣል አድርግበት፤ ራሷ ትገባለች። ከዚያ ቁጥሩን ከነቀኑ ስልክህ ላይ ጻፈው። የታመመ ወይም እንደ ቡሌ ሕክምና ላይ ያለ ከሆነ ግን በየቀኑ ነው፤ ቢረጭም።